ሕፃናት ሲያስመልሳቸው፦ መንስኤዎቹ፣ የቤት ውስጥ እንክብካቤው እና ፈጥኖ ሐኪም የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ ትውከትን ያውቀዋል። ጡት ጠብቶ የእናቱ ትከሻ ላይ የሚያቀረሽ ጨቅላ፣ ሌሊቱን ሲያስመልሰው የሚያድር የሁለት ዓመት ልጅ፣ መኪና ውስጥ ጉዞው ሳይጋመስ የበላውን የሚመልስ ሕፃን በየቤቱ አለ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ያለ መድኃኒት፣ በቂ ፈሳሽና ትዕግሥት የተሞላበት እንክብካቤ ብቻ አግኝተው ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚሹ ናቸው። ከወላጅ የሚጠበቀው ትልቁ ነገር ሁለቱን መለየት ነው።

ትውከት ብዙውን ጊዜ ከተቅማጥ ጋር ተያይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የተቅማጥ በሽታ በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ከ440 ሺህ በላይ ሕፃናትን ሕይወት ይቀጥፋል። ለረጅም ዘመን ዋነኛው የሞት ምክንያት ሆኖ የኖረው ደግሞ ከሰውነት የወጣው ውኃና ጨው በጊዜው አለመተካቱ ነው። ይህ በአብዛኛው ቤት ውስጥ፣ በማንኪያና በኩባያ ሊከላከሉት የሚቻል ጉዳት ነው።

ቅርሻትና ትውከት በምን ይለያያሉ?

ቅርሻት ሕፃኑ የጠባው ወተት ያለ ምንም ትግል ወደ አፉ ተመልሶ ሲፈስ ነው። በምግብ መውረጃ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው ጡንቻ በጨቅላነት ዕድሜ ገና አልጠነከረም። ሕፃኑ የሚመገበው ፈሳሽ ብቻ በመሆኑና አብዛኛውን ጊዜውን ተኝቶ ስለሚያሳልፍ ወተቱ በቀላሉ ይመለሳል። ሕፃኑ አያምጥም፣ ፊቱ አይገረጣም፤ ካቀረሸ በኋላም ፈገግ ብሎ ጨዋታውን ይቀጥላል።

ቢያንስ ከ10 ሕፃናት 4ቱ በዚህ ዓይነት ያቀረሻሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ሲሆን፣ ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ላይ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ጊዜ ይቆማል። ሕፃኑ ክብደት እየጨመረ፣ በደንብ እየጠባና እየሸና ከሆነ ቅርሻት ሕክምና አያስፈልገውም። ከሚፈሰው ወተት ይልቅ መታየት ያለበት የክብደቱ ሁኔታ ነው። ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ጥቂት ወተት ከእውነተኛው መጠን በላይ መስሎ እንደሚታይም ማስታወስ ይበጃል።

ትውከት ግን ሌላ ነው። የሆድና የድያፍራም ጡንቻዎች ተኮማትረው የጨጓራውን ይዘት በኃይል ይገፉታል። ልጁ አስቀድሞ ምራቁ ይበዛል፣ ይገረጣል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ካስመለሰው በኋላም ይዝላል። ቀደም ሲል ያቀርሽ የነበረ ሕፃን በድንገት በኃይል ማስመለስ ከጀመረ፣ ክብደት መጨመር ካቆመ ወይም ጡት ሲቀርብለት ጀርባውን እየለጠጠ የሚያለቅስ ከሆነ በሐኪም መታየት አለበት።

የሚያቀረሽ ሕፃንን ለመርዳት ቀላል ዘዴዎች አሉ። በጡጦ የሚመገብ ከሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ይልቅ መጠኑን ቀንሶ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ በመሃል በመሃል ማስገሳት፣ ከተመገበ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀና አድርጎ መያዝ፣ ዳይፐሩን ወይም መጠቅለያውን ሆዱ ላይ አለማጥበቅ ይጠቅማል። የዱቄት ወተት ሲዘጋጅ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የውኃና የዱቄት መጠን በትክክል መከተል ያስፈልጋል።

ብዙ ወላጆች የሚያቀረሽ ልጅ በጀርባው ቢተኛ ወተቱ ያንቀዋል ብለው ይሰጋሉ፤ ስለዚህም በሆዱ ወይም በጎኑ ያስተኙታል። ይህ አደገኛ ነው። ጤነኛ ሕፃን በጀርባው በመተኛቱ የመታነቅ አደጋው አይጨምርም፤ በሆድ መተኛት ግን በእንቅልፍ ላይ ለሚከሰት ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ያጋልጣል። ስለዚህ የሚያቀረሹትም ጭምር አንድ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በጀርባቸው፣ ጠንከር ባለና ባልተዘነበለ ፍራሽ ላይ መተኛት አለባቸው።

ሕፃናትን ምን ያስመልሳቸዋል?

ከጥቂት ወራት ዕድሜ በኋላ በጣም የተለመደው መንስኤ የጨጓራና የአንጀት ኢንፌክሽን ነው። ሮታቫይረስና ኖሮቫይረስ ከተባሉት ቫይረሶች በተጨማሪ፣ በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፉ ባክቴሪያዎች ያስከትሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ማስመለሱ ይቀድማል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይቀንሳል። ተከትሎ የሚመጣው ተቅማጥ ግን ከ5 እስከ 7 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ተቅማጥ የሌለው ተደጋጋሚ ትውከት ሲያጋጥም “ሆዱን ነው” ብሎ ከመደምደም በፊት ሌሎች መንስኤዎችን ማሰብ ተገቢ ነው።

ከሆድ ውጭ ያለ በሽታም ሕፃናትን ያስመልሳል። የጆሮ ኢንፌክሽን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች እና ማጅራት ገትር በትውከት ሊጀምሩ ይችላሉ። በተለይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በጨቅላዎች ላይ ከትኩሳትና ከትውከት በቀር ሌላ ምልክት ላያሳይ ስለሚችል ሽንት መመርመር ያስፈልጋል። በትክትክ የተያዘ ሕፃን በተከታታይ ከሳለ በኋላ ያስመልሰዋል። የላም ወተት ፕሮቲን የማይስማማቸው ሕፃናት ከትውከቱ ጋር የቆዳ ሽፍታ ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ሊኖራቸው ይችላል።

ከፍ ያሉ ልጆች ላይ የትርፍ አንጀት ሕመም፣ የምግብ መመረዝ፣ የጉዞ ማቅለሽለሽ እና ማይግሬን ይታያሉ። ያለወትሮው ብዙ ውኃ የሚጠጣ፣ ደጋግሞ የሚሸና፣ የሚከሳና የሚያስመልሰው ልጅ በአስቸኳይ የስኳር ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ልጁ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ወይም መድኃኒት፣ በረኪና፣ ነጭ ጋዝና የመሳሰለውን ጠጥቶ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ ጊዜ ማባከን አይገባም። በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ የጠጣን ልጅ ጣት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ ወይም ወተት ግቶ ለማስመለስ መሞከር ጉዳቱን ያባብሳል፤ ፈሳሹ ሲመለስ ጉሮሮን ዳግመኛ ያቃጥላል ወይም ወደ ሳንባ ይገባል።

ለዕረፍት ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ የተመለሰ ቤተሰብ ሌላም ማሰብ ያለበት ነገር አለ። በኢትዮጵያ ወባ በዋነኛነት የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ነው። ቆላማ አካባቢ የቆየ ልጅ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ትኩሳትና ትውከት ካጋጠመው ወላጆች ጉዞውን ለሐኪሙ መንገርና የወባ ምርመራ እንዲደረግ መጠየቅ አለባቸው። ወባ በማይታወቅበት አገር የሚሠራ ሐኪም ስለ ጉዞው ካልተነገረው በሽታውን ላያስበው ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ሦስት የአንጀት ችግሮች

የመጀመሪያው የጨጓራ መውጫ መጥበብ ነው። ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያሳልፈው ጡንቻ ወፍሮ መንገዱን ይዘጋዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ዕድሜ ባለው ጊዜ ይታያል፤ በወንዶች ላይ ከሴቶቹ አራት እጥፍ ያህል ይበዛል። ሕፃኑ ከጠባ በኋላ ወተቱን ርቆ እስኪወረወር ድረስ በኃይል ይተፋዋል፤ ወዲያው ተርቦ እንደገና መጥባት ይፈልጋል፤ ከቀን ወደ ቀንም ይከሳል። በአልትራሳውንድ ይለያል፤ በቀላል ቀዶ ሕክምናም ሙሉ በሙሉ ይድናል።

ሁለተኛው የአንጀት መጠምዘዝ ነው። ከተፈጥሮው ቦታውን ያልያዘ አንጀት በራሱ ላይ ሲዞር የደም ዝውውሩ ይቋረጣል። ዋናው ምልክት አረንጓዴ ትውከት ነው። በጨቅላ ሕፃን ላይ የሣር ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ትውከት ከታየ፣ ሕፃኑ ደኅና ቢመስልም እንኳ፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። የዘገየ እንደሆነ አንጀቱ ሊሞት ይችላል።

ሦስተኛው አንዱ የአንጀት ክፍል ወደ ሌላው ውስጥ ተሰክቶ ሲገባ የሚፈጠረው መዘጋት ነው። ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ያጋጥማል። ልጁ በድንገት እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይጮኻል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ሕመሙ ይመለሳል። በመሃል ይገረጣል፣ ይዝላል። ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ቀይ ሰገራ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት በመሆኑ እሱን መጠበቅ አይገባም። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በፊንጢጣ በኩል በሚሰጥ አየር ወይም ፈሳሽ ይስተካከላል።

የሰውነት ድርቀትን መለየት

ትንሽ ልጅ ከትልቅ ሰው ይልቅ በፍጥነት ይደርቃል። ከክብደቱ አንጻር የሚያስፈልገው ፈሳሽ ብዙ ሲሆን፣ “ውኃ ጠማኝ” ብሎ ለመጠየቅም አይችልም። ስለዚህ ምልክቶቹን የሚያነብለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያ ሽንቱ ይቀንሳል፤ ይጠቁራልም። በ6 ሰዓት ውስጥ ዳይፐሩን ያላረጠበ ሕፃን ወይም ለ8 ሰዓት ያልሸና ከፍ ያለ ልጅ ፈሳሽ እያነሰው ነው። አፉና ምላሱ ይደርቃሉ፤ ያለ እንባ ያለቅሳል፤ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ። በጨቅላዎች ላይ እርግብግቢት ጎድጎድ ትላለች። የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ወዲያው ካልተመለሰ ድርቀቱ እየከፋ ነው፤ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት ከባድ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚነጫነጭና ውኃ ሲያይ የሚስገበገብ ልጅ፣ በኋላ መጠጣት አቅቶት ከደከመና ካንቀላፋ አደጋ ላይ ነው። መረጋጋቱ የመዳን ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

ልጁ በሚያስመልሰው ጊዜ ቀና አድርጎ ወደ ፊት ማዘንበል፣ ወይም በጎኑ አድርጎ ጭንቅላቱን መደገፍ ትውከቱ ወደ መተንፈሻ እንዳይገባ ይረዳል። አፉን ጠርጎና አረጋግቶ ለ10 ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ ፈሳሽ መስጠት ይጀመራል።

ከሁሉ የሚመረጠው ፈሳሽ ኦ አር ኤስ ወይም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ነው። በውስጡ ግሉኮስና ጨዎች በተመጠነ መልክ ይገኛሉ። የትንሹ አንጀት ግድግዳ ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ ስለሚወስድ፣ ውኃም ተከትሏቸው ወደ ደም ይገባል። ይህ ሥርዓት በተቅማጥ ጊዜም መሥራቱን አያቆምም። በ1971 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ የገቡ ስደተኞች በኮሌራ ሲያልቁ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስና ባልደረቦቻቸው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ስላለቀባቸው ይህንኑ በአፍ መስጠት ጀመሩ። ወደ 30 በመቶ ደርሶ የነበረው የሟቾች ቁጥር ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ዛሬ በየጤና ኬላውና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ፓኬት የዚያ ሥራ ፍሬ ነው።

አሰጣጡ ላይ ቁልፉ ነገር ቀስ ማለት ነው። የተጠማ ልጅ ኩባያውን በአንድ ትንፋሽ ቢጨልጠው ጨጓራው ተወጥሮ መልሶ ያስመልሰዋል። ስለዚህ በሻይ ማንኪያ ወይም ያለ መርፌ በሚሠራ ሲሪንጅ፣ በየ2 እስከ 5 ደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በየ5 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር፣ በየ2 ደቂቃው ከሆነ 150 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ ከበፊቱ በዘገየ ሁኔታ እንደገና ይጀመራል። ማስመለሱ ሲቀንስ መጠኑ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ተቅማጥ ካለ፣ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ ይሰጣል።

አበጣበጡ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በተለይ በውጭ አገር ለሚኖሩ። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ ነው። በብሪታንያ እንደሚሸጠው ዲዮራላይት ያሉት ትንንሽ ፓኬቶች ግን በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ ይዘጋጃሉ። በአሜሪካ በብዛት የሚገኘው ፔዲያላይት ደግሞ ተበጥብጦ በጠርሙስ ስለሚሸጥ ውኃ አይጨመርበትም። ከአገር ቤት የመጣውን ፓኬት በአንድ ብርጭቆ ውኃ መበጥበጥ ጨዉን ከመጠን በላይ ስለሚያበዛው ለሕፃን አደገኛ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውኃ መጠን ማንበብ ያስፈልጋል። ስኳር፣ ጭማቂ ወይም ወተት አይጨመርበትም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ መደፋት አለበት።

ፓኬት ፈጽሞ በማይገኝበት ቦታ፣ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ልኬቱ ሊዛባ ስለሚችል ፓኬቱ እስኪገኝ ብቻ የሚያገለግል ነው።

ለስላሳ መጠጦችና ያልተበረዘ ጭማቂ በስኳር ብዛታቸው ውኃን ወደ አንጀት ስበው ተቅማጡን ያባብሳሉ። ሻይና ቡናም ለሕፃን አይሆኑም። ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ባዶ ውኃ ብቻ ደጋግሞ መስጠት የደሙን ጨው ሊያሳንሰው ይችላል።

ጡትና ምግብ

የእናት ጡት ወተት በትውከት ጊዜ አይቋረጥም። ቶሎ ቶሎ፣ ለአጭር አጭር ጊዜ ማጥባት ይመረጣል። የዱቄት ወተት የሚጠቀም ሕፃንም የለመደውን በተለመደው ውፍረት ይቀጥላል፤ ማቅጠን አያስፈልግም።

“ሆዱ ይረፍ” ተብሎ ልጅን ለቀናት ማስጾም የቆየ ስሕተት ነው። ማስመለሱ ጋብ ሲልና ልጁ ምግብ ሲፈልግ ወዲያው መመገብ የአንጀቱን ማገገም ያፋጥናል፣ ክብደቱንም ይጠብቃል። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ በአልጫ የራሰ እንጀራ በትንሽ በትንሹ ቢሰጥ ጥሩ ነው። በርበሬና ቅባት የበዛበት ምግብ ለጥቂት ቀናት ቢቆይ ይሻላል። ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቦቱሊዝም ለተባለ መመረዝ ሊያጋልጠው ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም።

ተቅማጥ ላለባቸው ሕፃናት የዓለም ጤና ድርጅት ዚንክም ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ ይመክራል። ተቅማጡ ቢቆምም ቀኑ እስኪሞላ መቀጠል አለበት።

መድኃኒት ያስፈልጋል?

በአብዛኛው አያስፈልግም። ለአዋቂ የታዘዘ የማስመለስ ማስታገሻን ለሕፃን አካፍሎ መስጠት አደጋ አለው። በኢትዮጵያ ፕላሲል በሚል ስም የሚታወቀው ሜቶክሎፕራማይድ በሕፃናት ላይ አንገትንና ዓይንን የሚያጣምም የጡንቻ መኮማተር ሊያስከትል ይችላል፤ በአውሮፓም አንድ ዓመት ላልሞላቸው እንዳይሰጥ ተከልክሏል። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አተነፋፈስን እስከ ማቆም ሊደርስ ስለሚችል አይሰጥም። ኦንዳንሴትሮን የተባለው በሆስፒታል አንዳንዴ በአንድ መጠን ይታዘዛል፤ ውሳኔው ግን የሐኪም ነው። ተቅማጥ የሚያቆሙ እንደ ሎፔራማይድ ያሉ መድኃኒቶች ለትንንሽ ልጆች አይሆኑም። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ትኩሳት ያለበት ልጅ አስፕሪን ሊሰጠው አይገባም፤ ጉበትንና አንጎልን ከሚጎዳ፣ በማያቋርጥ ትውከት ከሚጀምር ሬይ ሲንድረም ከተባለ በሽታ ጋር ይያያዛልና።

ስለ ልማዳዊ ሕክምናዎች

በአንዳንድ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ሕፃን ሲያስመልሰው፣ ጡት እምቢ ሲል ወይም ሲያስቀምጠው “እንጥሉ ወርዶ ነው” ተብሎ እንጥሉ ይቆረጣል፤ ወይም ግግ ማስወጣት በሚል ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱ ከድዱ ተፈልቅቆ ይወጣል። እንጥል የትውከት መንስኤ አይደለም፤ ድድ ውስጥ ያለው ጥርስም ተቅማጥ አያመጣም። ድርጊቶቹ ግን ለከባድ ደም መፍሰስ፣ ለቴታነስ እና ለሌሎች ኢንፌክሽኖች ያጋልጣሉ፤ ለሕክምና የሚሆነውን ውድ ጊዜም ይወስዳሉ።

ጎድጎድ ያለች እርግብግቢት ላይ ቅቤ ማድረግ በፍቅር የሚፈጸም ልማድ ነው። ነገር ግን ጉድጓዱ የሚናገረው ሕፃኑ ፈሳሽ እንዳጠረው ነው፤ ከላይ የተቀባ ቅቤ ያንን አይተካም። ጨቅላን ቅቤ ማዋጥ ወይም በጤና አዳምና በሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች የተዘጋጀ ውኃ ማጠጣትም እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም እንዳይሰጥ ከሚያዘው የጤና ምክር ጋር ይጋጫል። በቤቱ ያሉ አያቶችን ማክበርና የሚደረገውን ማስረዳት ከክርክር የተሻለ ውጤት ያመጣል፤ አያት በማንኪያ ኦ አር ኤስ የምትሰጥ ከሆነች ትዕግሥቷ ትልቅ ሀብት ነው።

ፈጥኖ ሐኪም የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ከታየ ልጁ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት፦

- ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለው ወይም የቡና አተላ ከመሰለ
- የሚሰጠውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው
- ካንቀጠቀጠው፣ ከወትሮው በተለየ ከደከመ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ
- የሰውነት ድርቀት ምልክቶች ካሉት
- ሆዱ ከተነፋና ከጠነከረ፣ ሲነካ የሚያመው ከሆነ ወይም ሰገራው ደም ካለበት
- ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃን መጥላት፣ ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ወይም ወደ ላይ ያበጠች እርግብግቢት ካለ
- ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ወይም መርዛማ ነገር ከተጠጣ በኋላ ካስመለሰው
- ዕድሜው ከ3 ወር በታች ሆኖ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ወይም የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ከሆነ
- ትውከቱ ከ2 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ ከ24 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ በሆነው ላይ ከ48 ሰዓት ካለፈ

በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በብሪታንያ 999፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች 998 ተደውሎ አምቡላንስ ይጠራል። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። በብሪታንያ አጣዳፊ ላልሆነ ምክር 111፣ በአሜሪካ ለመመረዝ ጥርጣሬ 1-800-222-1222 ሌት ተቀን ያገለግላሉ።

ለሐኪሙ ምን ይነገር?

የተሟላ መረጃ ምርመራውን ያፋጥናል። ማስመለሱ መቼ ጀመረ? በቀን ስንት ጊዜ? ከምግብ በኋላ ወዲያው ነው ወይስ ዘግይቶ? ቀለሙ ምን ይመስላል? ለመጨረሻ ጊዜ የሸናው መቼ ነው? ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ሳል አለው? ምን መድኃኒት ወይም ባህላዊ መድኃኒት ተሰጠው? ከየት አገር ተመለሰ? በቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ? ትውከቱንና ዳይፐሩን በስልክ ፎቶ ማንሳት ከብዙ ቃላት ይበልጣል፤ በተለይ “አረንጓዴ” እና “ቢጫ” የሚለውን ልዩነት በባዕድ ቋንቋ ማስረዳት ለከበደው ወላጅ።

በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በብሪታንያም በመንግሥት የጤና አገልግሎት አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። አስተርጓሚ ማስጠራት መብት በመሆኑ ታላቅ ወንድም ወይም እህት የሆነ ትንሽ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ አያስፈልግም።

መከላከል

ሮታቫይረስ በአውስትራሊያ ሜልበርን በሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከተለየ በኋላ ክትባት ተገኝቶለታል። ኢትዮጵያ ክትባቱን በመደበኛ መርሐ ግብሯ ውስጥ ያስገባችው በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ በአፍ በሚንጠባጠብ መልክ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ይሰጣል። በአሜሪካና በብሪታንያ የመጀመሪያው መጠን ሕፃኑ 15 ሳምንት ሳይሞላው መሰጠት ስላለበት፣ ቀጠሮውን ማሳለፍ ክትባቱን ጨርሶ ሊያሳጣ ይችላል።

እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በተለይ ዳይፐር ከተቀየረ በኋላና ምግብ ከመዘጋጀቱ በፊት፣ ከሁሉ ይቀድማል። ኖሮቫይረስን አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ በሚገባ ስለማይገድለው ሳሙናና ውኃ አይተኬ ናቸው። ትውከት የነካው ወለል በበረኪና ይጸዳል፤ ልብሱና አንሶላው ለብቻ በሙቅ ውኃ ይታጠባል። ጡጦ በሚገባ መቀቀል አለበት፤ ንጹሕነቱ በማያስተማምን ውኃ ከሆነም ውኃው ፈልቶ መቅረብ አለበት። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው 48 ሰዓት እስኪያልፍ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ባይላክ ሌሎችን ከበሽታው ያድናል።

በየቤቱ ጥቂት የኦ አር ኤስ ፓኬቶች፣ የሙቀት መለኪያና የሐኪም ስልክ ቁጥር አስቀድሞ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አያስወጣም። ትውከት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው መድኃኒት ቤት በተዘጋበት ሰዓት ነውና፣ በሌሊት የሚያስፈልገው ነገር ቀን ላይ ቢቀመጥ መልካም ነው።